ፒኤችዲዬ እና ያቺ ጠርዟ የተሰበረ ማርከር

ማታ ነው። ቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ የአንድ ሰው የደረት ራጅ አለ፤ በላዩ ላይ ቀይና ቢጫ ቀለም ተደርቧል። ቀዩ፣ ራጅ እንዲያነብ ያስተማርኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ማለትም ሞዴሉ፣ «ቲቢ ነው» ብሎ ሲወስን ከሁሉ በላይ የትኛውን ቦታ እንዳየ ያሳያል። የሳንባው የላይኛው ክፍል ላይ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ከትከሻው በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ምንም የሰው አካል በሌለበት ባዶ ጥቁር ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ምስሉን አጎላሁት። ከቀዩ ስር አንዲት ነጭ ፊደል አለች። ከሥሯ ሁለት ትንንሽ ፊደሎች። አንዱ ጠርዟ ተሰብሯል። ወዲያው አወቅኳት። የእኔ ማርከር ናት።

ወደ ኋላ ልመለስ። ፒኤችዲ ከመጀመሬ በፊት ስድስት ዓመት የራጅ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ «አየር ሳብ፣ ያዝ፣ ተንፍስ» ስል ነበር የምውለው። ራጅ ሲነሳ ግራና ቀኝ እንዳይምታታ ማርከር የምንላትን ከእርሳስ የተሠራች ፊደል ምስሉን በሚቀበለው ካሴት ላይ እናስቀምጣለን። እርሳስ ስል ብረቱን ነው፣ የምንጽፍበትን አይደለም። ጨረር ስለማያሳልፍ ፊደሉ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእኔን ማርከር አሜሪካ ያለች እህቴ ናት የስሜን መነሻ ፊደላት አስቀርጻ የላከችልኝ። አንድ ቀን ከእጄ አምልጣ ወደቀችና ጠርዟ ተሰበረ። በፕላስተር ጠቅልዬ መሥራቴን ቀጠልኩ። ፕላስተር ራጅ ላይ አይታይም። ስብራት ግን ይታያል።

ሥራዬን ለቅቄ ስሄድ ማርከሯን ለባልደረባዬ ሰጠኋት። ወደ ኔዘርላንድስ ነበር የምሄደው፤ ኮምፒውተር የደረት ራጅ አይቶ ቲቢ የሚጠረጠርበትን ሰው እንዲለይ ማስተማር ላይ ጥናት ልሠራ።

እማዬ ይህን «ልጄ ራዲዮሎጂስት ልትሆን ነው» ብላ ነው ለሰፈር ያወራችው። ዛሬም ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ያንን ትልቅ ፖስታ ይዘው ይመጣሉ። «ዶክተር ሆነሽ የለ? በይ እይልኝ!» ይሉኛል። ራዲዮሎጂስት ለመሆን መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም መሆን ያስፈልጋል። የእኔ ዶክትሬት የምርምር ነው። ሰው አላክምም፣ ራጅ አንብቤ ውጤት አልጽፍም። ይህን ሳያጣሩ ለፒኤችዲ የሚያመለክቱ አሉና ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። በቡድናችን ውስጥ የፊዚክስ ሰዎች፣ ኢንጂነሮችና ሐኪሞች ነበሩ። ከራጅ ክፍል የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህንን ለረጅም ጊዜ እንደ ጉድለት አየው ነበር።

ቦታውን እንዴት አገኘሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ነበረኝ። ስሙን ብቻ እየቀየርኩ ወደ ሃያ ለሚሆኑ ሰዎች ላክሁት። አንድም መልስ የለም። በኋላ የአንድ ቡድንን ጥናት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። መቆም አቅቷቸው ተኝተው ራጅ የተነሱ በሽተኞችን ምስል ከጥናቱ አውጥተው ነበር። አምስት መስመር ጻፍኩ፦ እኔ የምሠራበት ቦታ ላይ በጣም የታመመ ሰው ቆሞ አይነሳም፤ እነሱን ካወጣችሁ መሣሪያው ለማን ነው የሚሠራው? መልሱ በማግስቱ መጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጡ እንዳመለክት ነገሩኝ።

«የሥራ ቦታ» ያልኩት በስህተት አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ አብዛኛው የፒኤችዲ ተማሪ ተቀጣሪ ነው። ብዙውን ጊዜ የአራት ዓመት ኮንትራት፣ ደሞዝና የዓመት ፈቃድ አለው። ስለዚህ ማስታወቂያው የሚወጣው እንደማንኛውም ሥራ ነው፤ ኢንተርቪው አለው፣ ተወዳዳሪ አለው። ማስተርሴ በኅብረተሰብ ጤና ስለነበር ፕሮግራሚንግ አልችልም ነበር። ኢንተርቪው ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በመማር አለቁ። እያለቀስኩም ቢሆን ተማርኩት።

ከዚያ ዳታው መጣ፣ ድሮ የሠራሁበት ሆስፒታል የደረት ራጆች። ዳታው ራሱ ከመምጣቱ በፊት ግን ወረቀቱ። የዚህ አገር የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የዚያ አገር የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የዳታ ማስተላለፊያ ስምምነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም። አንዱ ፈራሚ ለስብሰባ ወጥቷል፤ ሌላው ሲመለስ ያኛው ፈቃድ ወጥቷል። አሥራ አንድ ወር ፈጀ። አሁን የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ የፈቃዱን ወረቀት ኮንትራቱን በፈረመበት ሳምንት ጀምር ነው የምለው።

ሃርድ ዲስኩ እጄ ሲገባ የባሰው መጣ። የሕክምና ምስሎች ዳይኮም በሚባል ፎርማት ይቀመጣሉ። ፋይሉ ውስጥ ከምስሉ ጋር የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜና ካርድ ቁጥር አብረው ይጓዛሉ። እነሱን የሚሰርዝ ፕሮግራም አለ፤ ቀላል ነው። ግን አንዳንድ ማሽን ስሙን ምስሉ ላይ ራሱ ይጽፈዋል፣ ፎቶ ላይ እንደታተመ ቀን። ያንን የፋይል መረጃ የሚያጸዳው ፕሮግራም አይነካውም። አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ምስሎቹን ሳገላብጥ የአንድ ሰው ሙሉ ስም ከነአባቱ ፊት ለፊቴ ድቅን አለ። ሥራውን አቁሜ ሁሉንም ምስል አንድ በአንድ በዓይኔ አየሁ። ሳምንታት ወሰደ። ግማሹ ደግሞ ተገልብጦ ነው የመጣው፤ አጥንት ጥቁር፣ አየር ነጭ። ፋይሉ ውስጥ የትኛው ጥቁር፣ የትኛው ነጭ ሆኖ መታየት እንዳለበት የምትነግር አንዲት መስመር አለች። ፕሮግራሜ እሷን ዘሎ ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የካርድ ነገር ነው። ሞዴል ሲሠራ አንድ በሽተኛ በማስተማሪያው ምስሎችም በመፈተኛውም ውስጥ መገኘት የለበትም። ከተገኘ ፈተናውን አስቀድሞ ማሳየት ነው። በካርድ ቁጥር ለየኋቸው፣ ተረጋጋሁ። እኔ፣ ስድስት ዓመት እዚያ የሠራሁት ሰው፣ ካርዱ የጠፋበት በሽተኛ አዲስ ካርድ እንደሚያወጣ ረሳሁ! አንድ ሰው በሁለት ቁጥር፣ አንዳንዱም በሦስት ተመዝግቧል። እንደገና መከፋፈል ግድ ሆነ።

አንድ ነገር ግን በጊዜ አድርጌያለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ራዲዮሎጂስቶቹ ወደሚያነቡበት ጨለማ ክፍል እየሄድኩ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። አንድን ራጅ ሁለት ጎበዝ ሰዎች አይተው አንዱ «ንቁ ቲቢ» ሌላው «የድሮ ጠባሳ» ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ለካ እውነተኛ መልስ ብዬ ለኮምፒውተሩ የምሰጠው ሌብል የአንድ ሰው የማክሰኞ ጠዋት ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ መልሱን ከራጁ ንባብ ሳይሆን ከአክታ ምርመራ እንዲሆን ወሰንን። ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን የአክታ ምርመራ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለነበር የብዙዎቹ በሽተኞች ውጤት መዝገብ ላይ ተገኘ። ራጅ ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ኮምፒውተር የደረት ራጅ እያነበበ ቲቢን እንዲለይ ሲፈቅድ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች፣ ያውም ለልየታ ነው። ሕፃናት የሉበትም።

በሦስተኛው ዓመት ሞዴሉ ደረሰ። ከዚያው ሆስፒታል በመጡ የመፈተኛ ምስሎች ላይ የሚገርም ውጤት አመጣ። ቤት ደወልኩ፣ እማዬ እልል አለች። ጽሑፉን መጀመር አልቀረኝም ነበር። አማካሪዬ «እስኪ የሌላ ሆስፒታል ምስል ስጪው» አለችኝ። ሰጠሁት። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ያን ማታ ነው የቀለም ካርታውን የከፈትኩት።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። እኔ የምሠራበት ክፍል ከቲቢ ክሊኒኩ የሚላኩት የሚነሱበት ነበር። ለሥራ ቅጥርና ለጉዞ የጤና ምርመራ የሚመጡት፣ አብዛኞቹ ጤነኞች፣ በሌላኛው ክፍል በሌላ ማርከር ይነሳሉ። ሞዴሉ ሳንባ ማየት አላስፈለገውም። የእኔን ስም ካየ ቲቢ፣ ካላየ ጤነኛ። እኔ ከሄድኩ በኋላም ማርከሯ እዚያው ስለቀረች ለዓመታት እየፈረመችልኝ ነበር።

ማመን አቃተኝና አንድ ነገር ሞከርኩ። የአንድ ጤነኛ ሰው ራጅ ወሰድኩ። ማርከሬን ከሌላ ምስል ቆርጬ ጥጉ ላይ ለጠፍኳት። ሞዴሉ «ቲቢ» አለ። አነሳኋት፤ «ጤነኛ»። መለስኳት፤ «ቲቢ»። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

በማግስቱ ለአማካሪዬ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ስባ «እንደገና አሳዪኝ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስለጠፈችኝ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት አወጣች። ኒው ዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ የሕክምና ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የሳንባ ምች እንዲለይ ያሠለጠኑት ሞዴል ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ከሚያይባቸው ቦታዎች አንዱም ጥጉ ላይ ያለው የብረት ምልክት ነው። ጥናቱን ከዓመት በፊት አንብቤው ነበር። አስምሬበታለሁ ጭምር። የሌላ ሰው ችግር መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

ከዚያ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ከሳንባው ውጭ ያለውን ሁሉ ሸፈንን፣ ከሁለቱም ክፍሎች ታማሚና ጤነኛ እንዲመጣጠን መረጥን፣ የሌላ ሆስፒታል ምስሎችን ጨመርን። ውጤቱ ከመጀመሪያው ወረደ። ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ግን ከዚያ አልወረደም። ከሁሉም ቀድሞ የታተመልኝ ስለ ማርከሯ የጻፍነው ጽሑፍ ነው። ኢንጂነሮቹ ጓደኞቼ ያንን ቀይ ቦታ ቢያዩ ጥግ ላይ ያለ ትርጉም የሌለው ነገር ነው ብለው ያልፉት ነበር፤ ራሳቸው ናቸው ያሉኝ። ማርከር ይዞ የማያውቅ ሰው ማርከር አይታየውም።

ስለ ኑሮው ብዙ አልልም። ክረምት ላይ ገና 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። ለዚያ ብዙ ሰው መፍትሔ አለኝ ይላል፤ እኔ ሽሮና ስልክ ነበሩኝ። አማካሪዬን በስሟ ለመጥራት አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ አፌ አልታዘዝም አለኝ። ከዚያ የባሰው ያልገባኝን ነገር ገባኝ ብዬ ራሴን መነቅነቄ ነው። ጨዋነት መስሎኝ። እነሱ ደግሞ «ይህ ጥሩ አይደለም» ሲሉ ፊት ለፊት ነው፣ ከዚያ አብረው ቡና ይጠጣሉ። እኔ ለሦስት ቀን አኮርፋለሁ፣ እነሱ ማኩረፌን እንኳ አያውቁም። በዚህ ያባከንኩትን ጊዜ ብደምረው ከስድስት ወር አያንስም።

የፒኤችዲ ጽሑፌን ፊት ለፊት ተጠይቄ የምከላከልበት ቀን ደረሰ። እዚያ አገር ሥነ ሥርዓቱ የጥንት ነው። ካባ የለበሱ ፕሮፌሰሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አጠገብሽ ሁለት አጃቢዎች ይቆማሉ፣ እንደ ሚዜ። ጥያቄው 45 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ረጅም በትር የያዘ ሰው ገብቶ በላቲን «ሆራ ኤስት» ይላል፤ ጊዜው አልቋል ማለት ነው። መልስሽ ግማሽ ላይ ቢሆንም ያበቃል። እኔ በሩን በሩን ሳይ ነበር።

ከመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ያቺ ማርከር አሁን የት ናት? አዳራሹ ሳቀ። አላውቅም አልኩ። በትሩን የያዘው ሰው ገባ።

ማታ ግብዣው ሲያልቅ ለባልደረባዬ ደወልኩለት። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ዶክተር!» አለኝ።

«ማርከሯስ?» አልኩት።

«አለች። ትናንት ፕላስተሯን ቀየርኩላት።»