እጄ አሸዋ እየነካ

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ፀሐይ ያየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ዛሬም ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ እስከዚህ ሰዓት አላባራም፤ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ መጽሐፍ ከፍቼ ሳላነብ ተቀምጫለሁ። የሚያስከፋኝ ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ከአየር ጋር መኳረፍ እንደሌለበት ባውቅም ተኳርፌአለሁ። በዚህ ስሜት ላይ እያለሁ ዱባይ ያለችው ልጄ ደወለች። እዚያ ደግሞ ቀኑ እንደ ምድጃ ስለሚነድ ብዙ ሰው ባሕር የሚወርደው ሌሊት መሆኑን፣ ዳርቻው በትልልቅ መብራቶች ደምቆ፣ ሕይወት አዳኝ ዋናተኞች ቆመውበት እንደሚያድር ነገረችኝ። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ልትሄድ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ መልሱን በጽሑፍ እልክልሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የተቀመጥሁትም ለእሷ ልጽፍ ነበር። ነገር ግን ሌሊት ባሕር መውረድ የሚለው ነገር ይዞኝ ሄደ።

ምጽዋ የኖርነው አባታችን በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ግምጃ ቤት ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ነው። ስንወርድ ሰባት ዓመቴ ነበር። የዚያ አገር ሐምሌ እንደዚህ ያለ ሐምሌ አይደለም፤ ደጋው በዝናብ ሲርስ ባሕር ዳሩ ይቃጠላል፤ የእነርሱ ዝናብ የሚጥለው እኛ በጋ ብለን በምንጠራቸው በታኅሣሥና በጥር ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ከሆነ የሐምሌ እኩለ ቀን ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። በዚያ ሰዓት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ውሻው ሳይቀር ግድግዳ ሥር ተዘርግቶ፣ ከተማው ሰው የተሰደደበት ይመስል ነበር። ፀሐይዋ በምዕራብ ካሉት ተራሮች ጀርባ ስትወርድ ግን በየደጁ የአንጋሬብ እግር ሲጎተት ይሰማል። ያ በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ቀን ቤት ውስጥ፣ ሌሊት ደጅ ወይም ሰገነት ላይ ነበር ቦታው። እናታችን አንሶላውን በውኃ ነክራና ጨምቃ ታለብሰን ነበር፤ እስኪደርቅ ድረስ እንቅልፍ ከወሰደን ወሰደን፣ ካልወሰደን ደግሞ እንደገና መንከር ነው። እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የምጽዋ መዝናኛ የሚባለው ነገር የተወለደው ከእንቅልፍ ማጣት ይመስለኛል።

የምጽዋ ዋናው ደሴት ጥዋለት ከሚባለው ሁለተኛ ደሴት፣ ጥዋለትም ከየብሱ ጋር የሚገናኙት ባሕሩን በድንጋይ ሞልተው በሠሯቸው ሁለት መንገዶች ነው፤ ያሠራቸውም በግብፆች ዘመን ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሹም ነው። ወደ የብሱ የሚወስደው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ማታ ማታ የግንቡ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሰው ይቀመጥበት ነበር፤ ሽርጥ ያገለደሙ አዛውንቶች ዝንጅብል የበዛበት ቡናቸውን ይዘው፣ መርከበኞች ነጫቸውን ለብሰው፣ ጣሊያኖች ከነሚስቶቻቸው፣ ልጆች የዓሣ ክር ወደ ታች ለቅቀው። አንዱ በትግረ፣ አንዱ በዓረብኛ፣ አንዱ በትግርኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ ያወራል፤ እኛ ደግሞ አማርኛችንን ይዘን መሐላቸው እንቀመጣለን። መግቢያ የማይከፈልበት፣ ማንም ማንንም «ወዴት ነህ?» የማይልበት ቦታ ይኸው ነበር። ሌላው ሁሉ አጥር ነበረው።

ስለ አጥር ካነሣሁ አይቀር የጥዋለቱን ቀይ ባሕር ሆቴል ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ታኅሣሥ ገብቶ ሙቀቱ ሲሰክን የአስመራ ሰዎች ለእሑድ ይወርዱ ነበር። ሊቶሪና የምንላት አንድ ፉርጎ ብቻ የሆነች ባቡር ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥታ፣ በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል፣ 30 ያህል ዋሻዎች ውስጥ እየሾለከች 118 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ትጠመዘዛለች። ጥሩምባዋ ሲሰማ እኛ ወደ ጣቢያው እንሮጣለን፤ ሥራችን ሹራብ መቁጠር ነበር። አስመራ ላይ ለብሰውት የተሳፈሩትን ሹራብ በየጣቢያው እያወለቁ መጥተው፣ ሲወርዱ ሁሉም ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለውት ይታያሉ፤ ብዙ የቆጠረ ያሸንፋል። ማታ እነዚያው ሰዎች ሆቴሉ ሜዳ ላይ ይደንሳሉ። በዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነበረና እኛ በሆዳችን ተኝተን ከሥሩ ስንመለከት የሚታየን ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ ነው። ባለ ነጭ ተረከዟ ዛሬም ከባለ ሁለት ቀለም ጫማው ጋር መሆኗን፣ ከሳምንት በፊት ግን ከቡኒው ጋር እንደነበረች እናውቃለን፤ ፊታቸውን አንድ ቀን አላየንም። እኔ ግን ለልጆቼ ስነግራቸው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ አንድ ምሽት አባታችን ይዞን ገብቶ ከሙዚቃ ባንዱ አጠገብ ተቀምጠን አይስክሬም እንደ በላን አድርጌ ነው። የአይስክሬሙን ዓይነት ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ።

የአስመራው የሜሎቲ ቢራ ባለቤቶች እዚያው ጥዋለት ዳርቻ ላይ የሠሩት ቪላም ነበር። እርሱን ያየሁት ከጀልባ ላይ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልዋሸሁበትም።

የባሕር ኃይል በዓልን በተመለከተ ያየሁት እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም መርከብን የሚከልል ቁጥቋጦ የለም። በጥር አካባቢ ጃንሆይ ይመጣሉ፤ ለተመራቂ መኮንኖች ዲፕሎማ ይሰጣሉ፤ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ይደረጋል። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከባችን ከፊት ትቆማለች፤ እንግዶቹ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ እንዲያውም የሶቪየት መርከቦች ናቸው። በሬዲዮ የሚዛዛቱት መንግሥታት እዚህ መልሕቅ ለመልሕቅ ተጠጋግተው ሲያድሩ ለእኛ ምንም አይገርመንም ነበር፤ የሚገርመን መብራቱ ነው። መሸት ሲል ከአፍንጫ እስከ ጅራት የተዘረጉት አምፖሎች በአንድ ጊዜ ይበራሉ፤ ውኃው ደግሞ ሁሉንም ገልብጦ ያሳያል። አባታችን በዋዜማው ነጭ ጫማውን በጠመኔ ሲቀባ ያመሽ ነበር፤ ስፌቱን በጥርስ መፋቂያ እንጨት፣ ሶሉን በጣቱ፣ ትንፋሹን ይዞ። ሊነካው የደፈረ ልጅ አልነበረም። በማግሥቱ ጫማው ውሎ የሚገባው አቧራ ጠግቦ ነው።

ፊልምም እናይ ነበር። መርከበኞቹ ከሚኖሩበት ግቢ ውስጥ በሁለት ምሰሶ መካከል አቡጀዲ ይዘረጋና ከፊቱ ወንበር ይደረደራል፤ ወንበሩ ለመኮንኖች፣ ከኋላ ያለው አግዳሚ ለመርከበኞችና ለሚስቶቻቸው ነው። ልጆች የምንቀመጠው ከአቡጀዲው ጀርባ፣ አሸዋው ላይ ነበር። ሥዕሉ በጨርቁ አልፎ ስለሚታይ የጎደለብን ነገር ያለ አይመስለንም፤ ጽሑፉ የተገለበጠ ነው፣ ግን ገና ማንበብ የሚችል ስለሌለ ማንም አላስተዋለም። ካውቦይ የሚባሉት የፊልሙ ላም ጠባቂዎች ሽጉጥ የሚመዙት ሁልጊዜ በግራ እጃቸው ነበር። እኔም ግራኝ ስለሆንሁ ይህ ነገር ምን ያህል እንዳኮራኝ ልገልጸው አልችልም፤ እናቴ በግራ እጄ ስበላ ስትመታኝ በልቤ የማስበው እነርሱን ነበር። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብቼ ሁሉም በቀኝ ሲተኩሱ ባይ ፊልሙ ተበላሽቷል ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ነገርሁት። የዚያ ሰውዬ አስተያየት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ያለ አጥርና ያለ ጀርባ፣ ከፊት ለፊት ተቀምጬ ያገኘሁት ደስታ የትኛው እንደሆነ ሳስብ የሚመጣልኝ ዓሣው ነው። የመኖች በሚሠሩባት፣ በዋናው ደሴት ጠባብ መንገድ ውስጥ በነበረች ጭስ የበዛባት ቤት፣ ደመወዝ በተቀበለ ምሽት አባታችን ሁላችንንም ይወስደን ነበር። ዓሣው ከጀርባው ለሁለት ይከፈታል፤ በርበሬ ይቀባል፤ ከዚያ ሰውዬው እስከ ብብቱ ወደ ሸክላው ምድጃ ጎንበስ ብሎ ያስገባዋል። በቅንድቡ ላይ ፀጉር አልነበረውም፤ እሳቱ በልቶታል። ዳቦውም ከዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ እየተላቀቀ ይመጣል። ሳህን የለም፤ ጋዜጣ ላይ ነው። አባታችን የደንብ ልብሱን አውልቆ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ፣ እሾሁን በጣቱ እየለየ ለታናሿ ሲያጎርስ፣ ከጠረጴዛው ሥር ድመቶቹ እግራችንን ሲታከኩ፣ አንድም ቃል ሳይናገር አንድ ሰዓት ያህል እንቀመጥ ነበር። ይህን ለልጆቼ ነግሬአቸው አላውቅም። ተራ ነገር መስሎኝ ይሆናል። ሆቴሉን ነበር የሚወዱት።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተማው በጦርነቱ ሲወድቅ፣ ከዚያም በአየር ሲደበደብ፣ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነበርሁ። ጃንሆይ ያርፉበት የነበረው የጥዋለቱ ቤተ መንግሥት ጉልላቱ ተቦድሶ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ አየሁት፤ ለረጅም ጊዜ ሳየው ቆይቼ የፈለግሁት ግን ቁጥቋጦውን እንደነበረ ያወቅሁት ፎቶግራፉን ካስቀመጥሁ በኋላ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ወደ አስመራ መብረር ሲጀምር ልጆቹ ቲኬት እንግዛልህ አሉኝ። ጉልበቴን አመመኝ አልሁ። ጉልበቴ ያን ጊዜ ደህና ነበር። ሁሉም ያሰቡት የልጅነት ቦታን እንደገና ማየት ከብዶት ነው ብለው ነው፤ አዘኑልኝም፤ እኔም ሐዘናቸውን ሳላርም ተቀበልሁ። እውነተኛው ምክንያት ዱባይ ያለችው ያን ቀን በደስታ የተናገረችው ነገር ነበር፦ «አባዬ፣ እስከ አረንጓዴው ደሴት የዋኘህበትን ቦታ ታሳየናለህ!»

እዚህ ላይ ስለ ጉርጉሱም መጻፍ ግድ ይሆንብኛል። ከከተማው ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ የአሸዋ ዳርቻ ነው። አልፎ አልፎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የባሕር ኃይሉ ካሚዮን ቤተሰቡን ጭኖ ይወስደን ነበር። በአንድ በኩል አስመራ ከነበረው፣ ቃኘው ከሚባለው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ የወረዱ አሜሪካውያን በረዶ የሞላ ሣጥናቸውን ይዘው፣ ሬዲዮ ከፍተው ይተኛሉ፤ የጨረሱትን ቆርቆሮ ሲጥሉ ለመልቀም እንሻማለን። በሌላ በኩል እናቶቻችን ነጠላቸውን ሳያወልቁ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይገባሉ። የጉርጉሱም ውኃ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ሃምሳ እርምጃ ብትገባ እንኳ ወገብህን አያልፍም። እዚያ የፈለሰፍሁት ዋና እንዲህ ነበር፦ በሆዴ እተኛለሁ፣ ሁለቱን እጆቼን አሸዋው ላይ ተክዬ እንደ እንስሳ በእጄ እራመዳለሁ፣ ከኋላ እግሬን በኃይል አንቦጫርቃለሁ። ከዳር ለሚያይ ሰው ዋናተኛ ነኝ። እናቴ ጭብጨባ በጭብጨባ ትሆናለች፤ «በቃ፣ ብዙ አትራቅ!» ትላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚሁ ቀጠልሁ። አረንጓዴው ደሴት ከከተማው ፊት ለፊት ይታይ ነበር፤ የሄድሁበትም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጀልባ፣ ያውም አስመልሶኝ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሆኗል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። አንድ ነገር ልጽፍ እንደ ተቀመጥሁ ትዝ ያለኝ ስልኩ ሲበራ ነው። በእሷ በኩል ሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድሟል፤ ዳርቻው ላይ ደርሳለች፤ በመብራቱ ሥር ቢጫ የሆነ ውኃ ፎቶግራፍ አንሥታ ልካለች። ጥያቄዋንም ደግማዋለች፦ «አባዬ፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?»

ብዙ ጽፌ ብዙ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት «ጠባቂዎቹ አጠገብ ሁኚ፤ እግርሽ መሬት ከሚነካበት እንዳታልፊ» የሚል ነው።

ወዲያው መለሰች፦ «አንተ ግን ታልፍ ነበር እኮ!» የሚስቅ ፊትም ጨምራበታለች።

መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መልእክቱን ማየቴን ስልኩ ነግሯታል። አሁን ምን ብዬ ልመልስላት?