ኅዳርን ሙሉ በየቀኑ መጻፍ፦ ሥራም፣ ልጅም፣ ለቅሶም እያለ

ባለፈው ኅዳር በየቀኑ ጻፍኩ። ሥራ ነበረ፣ ልጆች ነበሩ፣ በዓል ነበረ፣ ጾም ገባ፣ ሰፈራችን ሰው ሞተ፣ መብራት ሄደ መጣ። እንዴት እንደሆነልኝ ልንገራችሁ። "ጊዜ ባገኝ እኮ እጽፍ ነበር" የሚል ሰው በየቦታው አገኛለሁ። ያ ጊዜ ለእኔም አልመጣም። የጻፍኩት በዚያው በነበረኝ ኑሮ መሀል ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስ ቤቲ የሚባል አሜሪካዊ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ በጠቅላላው 21 ሰው ሆነው፣ በአንድ ወር እያንዳንዳቸው ልብ ወለድ ሊጽፉ ተስማሙ። የመጀመሪያው ዙር በጁላይ ነበር። በዓመቱ ወደ ኖቬምበር አዛወሩት፤ በዚያ ወር አየሩ መጥፎ ስለሆነ ሰው ቤቱ ይቀመጣል ብለው ነው። ግቡ 50,000 ቃል ነው፤ በቀን 1,667 ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየአገሩ ሞክረውታል። ያስተባብረው የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን አስታውቋል። ልምዱ ግን ማንም ሊዘጋው የሚችል ነገር አይደለም። ወረቀትና አንድ ወር ይበቃዋል።

እኔ ኖቬምበርን ትቼ ኅዳርን ያዝኩ። ኖቬምበር የሚውለው ሲሶ ያህሉ ጥቅምት፣ የቀረው ኅዳር ላይ ነው፤ ለእኔ ኑሮ አይመችም። ደመወዜም፣ ዕቁቤም፣ ማኅበሩም፣ ጾሙም የሚሄደው በእኛ አቆጣጠር ነው። ደግሞ ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሌም ሠላሳ ቀን ነው። ኅዳር ዝናቡ ያለቀበት፣ ጠዋቱ የሚቀዘቅዝ፣ ሰማዩ የጠራ ወር ስለሆነም እወደዋለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ አያት ኮንዶሚኒየም ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። እንዲህ ላለ ሰው በቀን 1,667 ቃል አይታሰብም። ቁጥሩ የወጣው ለእንግሊዝኛ መሆኑም መታወቅ አለበት። አማርኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጊዜውን፣ አሉታውን ሁሉ አንድ ግስ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። ስለዚህ 50,000 የአማርኛ ቃል ከ50,000 የእንግሊዝኛ ቃል በጣም የከበደ ሥራ ነው። የሌላ ሰው ቁጥር ይዞ መነሳት ለምን ያስፈልጋል?

የእኔ ደንብ እንዲህ ሆነ። በአዘቦት ቀን 300 ቃል። በክፉ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ግን ሙሉና እውነተኛ የሆነ። ባዶ ቀን የለም። ግቡን የሰፋሁት በክፉው ቀኔ ልክ ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይኼ ነው እላለሁ። ብዙ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልቡ ሞልቶ፣ ሻይ ይዞ ቁጭ ሲል በቀን ሁለት ሺህ ቃል ለራሱ ቃል ይገባል። ማክሰኞ ማታ ልጁ ሲያተኩሰው ያ ቃል ኪዳን ይፈርሳል። አንዴ ከፈረሰ ደግሞ መመለሱ ይከብዳል፤ ውዝፉ ያስፈራል።

ቀጥሎ የዘመን መቁጠሪያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁስቋም በ6። ሚካኤል በ12። የነቢያት ጾም በ15 ይገባል። ጽዮን ማርያም በ21፤ በዚያ ላይ የእማዬ የማርያም ማኅበር ነው፣ ተረኛዋም እሷ ነበረች። ወር መጨረሻ ላይ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሒሳብ እዘጋለሁ፤ ያኔ ማታ ዓይኔ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። እነዚህን ሁሉ በቀይ አከበብኳቸው። ቀይ ቀን የአንድ ዓረፍተ ነገር ቀን ነው። አስቀድሜ ስለፈቀድኩለት፣ ሲመጣ አላስደነገጠኝም።

ምን እንደምጽፍም ቀድሜ ወስኜ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ታሪክ መፍጠር አይችልም፤ የሚያውቀውን መናገር ግን ይችላል። የመረጥኩት የእማዬን ልጅነት ነው። እማዬ ያደገችው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር እንጦጦ እየወጣች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ተሸክማ ወርዳ ትሸጥ ነበር። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር እንዳወጣት ሁላችንም እንሰማለን። ያን ማገዶ በጀርባቸው ስላወረዱት ሴቶች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይኼ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል። እማዬ አንድ ቀን ብታልፍ ሁሉም አብሯት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

"ስለ ልጅነትሽ ንገሪኝ" ስላት "ምን የሚወራ አለው፣ ድካም ነው" ብላ ትተወዋለች። ለዓመታት እንዲያ ነበር። ስለዚህ ከወሩ በፊት ትንንሽ ጥያቄዎችን በደብተር አዘጋጀሁ። ለአንድ ቀን አንድ ጥያቄ። ጠዋት ማን ነበር የሚቀሰቅስሽ? ስትወጡ ምን በልታችሁ ነው? ገመዱ የማን ነበር? ዝናብ ሲመታችሁ የት ትጠለላላችሁ? ቅጠሉን የሚገዛችሁ ማን ነው? እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ይናገራል። ጥያቄው ሲያንስ መልሱ ሰፋ ይላል።

አንድ ማታ ጥያቄዬ ሸክሙ እንዴት እንደሚታሰር ነበር። እማዬ በቃል ልታስረዳኝ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ተነሳች። ከአልጋዋ ብርድ ልብሱን አንስታ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው። "ገመድ አምጪ" አለችኝ፤ ከበረንዳ የልብስ ማስጫውን ፈትቼ ሰጠኋት። መሬት ላይ አስቀምጣ በሁለት ቦታ አሰረችው፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች። ገመዱን በደረቷ በኩል አዙራ፣ በግራ እጇ ጫፉን ጨብጣ፣ በቀኝ እጇ መሬቱን ተደግፋ ወደ ፊት ጎንበስ እያለች ተነሳች። ትንሹ ልጄ የቤት ሥራውን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያታል። "እየው፣ ሲከብድ በጉልበት አይደለም የሚነሳው" አለችው። "መጀመሪያ ጎንበስ ትላለህ፣ ሸክሙ ጀርባህ ላይ ሲተኛ ያኔ ትቆማለህ። ቀና ብለህ ልነሳ ካልክ ወደ ኋላ ይጥልሃል።" ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብሱን እንዳዘለች ሁለት ዙር ዞረች። ስልኬን ይዤ ያየሁትን እዚያው ቆሜ ጻፍኩት። የዚያን ዕለት ቃል መቁጠር አላስፈለገኝም።

አሁን ስለ ጊዜው። ትልቅ ባዶ ሰዓት አልፈለግኩም። ሦስት ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ ነበረኝ። አንዱ ባቡሩ ነው። ከአያት ስነሳ መነሻው ስለሆነ አንዳንዴ ወንበር አገኛለሁ፤ መገናኛ ሲደርስ ግን ሰው ይተፋፈጋል፣ እጅ ማንቀሳቀስም ይቸግራል። ስለዚህ የምጽፈው እስከ መገናኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር በሐሳቤ እሠራለሁ። ሁለተኛው ማታ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን፤ እሱ ልጆቹን ሲያጥብና ሲያስተኛ ያቺ ግማሽ ሰዓት የእኔ ሆነች። ይኼን አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር ግድ ነው። ዝም ብሎ "ይገባዋል" ማለት ሁለቱንም ያስቀይማል። ሦስተኛው ጾም ከገባ በኋላ የመጣ ነው። እኔ ጠዋት ስለማልበላ የልጆቹን ቁርስ ካቀረብኩ በኋላ ትንሽ ጊዜ ትተርፈኝ ጀመር።

የአማርኛ ጽሕፈት በስልክ አድካሚ መሆኑን የሞከረው ያውቀዋል። ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለቴ መንካት አለ። ስለዚህ ወጥ ላይ ቆሜ ሳማስል በድምፅ እጽፍ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። አራት ነጥብ አያስገባም፣ የሰውና የቦታ ስም ያበላሻል፤ ረቂቅ ለማውጣት ግን ይበቃል። የእማዬን ድምፅ ደግሞ ቀድቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፤ ስልኩ ቢጠፋ ድምፁ አይጠፋም። መብራት ሲጠፋና ባትሪ ሲያልቅ ሻማ አብርቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ገጹን ፎቶ አነሳዋለሁ። መሣሪያው አንድ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል።

ሌላ የጠበቅኩት ደንብ፣ ማታ ደብተሩን ከመዝጋቴ በፊት የነገውን ጥያቄ ከገጹ ግርጌ እጽፋለሁ። ባዶ ገጽ ፊት ለፊት ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልገጠመኝም። እንዲሁም ትናንት የጻፍኩትን አላርምም። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ስህተት ሳይ እጄን ይበላኛል። ግን ማረም ከጀመርኩ ያቺ ግማሽ ሰዓት ያለፈውን ስትለቃቅም ታልቃለች። ማረሚያ ጊዜ ሌላ ነው።

ኅዳር 12 ቀይ ቀን ነበር። የሰፈሩ ሰው ቆሻሻ ጠርጎ ያቃጥላል፤ በየጥጉ ጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን የምንለው። መነሻው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ ነው፤ ያኔ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ። ከሥራ ስመለስ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ልጆቹ ያስላሉ፣ መስኮት እየዞርኩ እዘጋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ልተኛ ነበር። እማዬ ከአልጋዋ ሆና "አያቴ ይኼን ቀን ስታስነሳው ድምጿ ይለወጥ ነበር" አለች። አያቷ ከዚያ በሽታ የተረፉ ናቸው። ጠየቅኳት። ሬሳ ስለሚያነሳ ሰው መታጣት፣ እሳት ያልጠፋበት ቤት ሰው እንዳለበት ይታወቅ እንደነበር አወራችልኝ። ከወሩ ሁሉ ረጅሙን የጻፍኩት በዚያ ቀይ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራ የበዛበትን ቀን ሳይ የጽሑፌ ጠላት መጣ ማለቱን ተውኩት። የምጽፈውን ኑሮው ራሱ ነው የሚያቀብለኝ።

የለቅሶው ነገር ግን የተለየ ነው። ጎረቤታችን ሲሞቱ ድንኳን ተተከለ፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ድንኳን። ቡና ማፍላት፣ ውኃ መቅዳት፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር መቀመጥ። እዚያ ስልክ አላወጣሁም። ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሊኖር አይገባም። ማታ ቤት ገብቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ስለ ሟች፦ ጠዋት ጠዋት ለልጆቼ በረንዳ ላይ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዙ እንደነበር። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፣ ሐዘኑም አልተደፈረም።

መሀል ላይ፣ አዲስነቱ ካለቀ በኋላ፣ ልብ ይዝላል። "ማን ሊያነበው ነው?" የሚለው ይመጣል። የያዘኝ የእሁድ ቡና ነው። እማዬ ቡናውን ስታፈላ የሳምንቱን አነብላታለሁ። አቦል ላይ እጀምራለሁ፣ በረካ ላይ ገና እያነበብኩ ነኝ። ደስ ሲላት "ቀጥይ" ትላለች። ያልጣማት ቦታ ላይ ዝም ብላ ስኒ ታጥባለች፤ እኔም ያን ገጽ ጠርዙን አጠፍ አደርጋለሁ። አንድ ሰሚ ይበቃል። ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ የሚጠብቅ አንድ ሰው ካለ እሁድ ባዶ እጅ መምጣት ያሳፍራል።

ወሩ ሲያልቅ ሁሉንም አሳትሜ በመጠረዣ አስጠረዝኩት። 50,000 ቃል አልሞላም፣ አላሰብኩትምም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ያልነበረው ነገር አሁን ደህና ውፍረት አለው። አሁን የያዝኩት ማረም ነው፤ ጠርዛቸው የታጠፈውን ገጾች አስቀድሜ። የእማዬን አነጋገር እንዳለ ልተወው ወይስ ላስተካክለው የሚለው ብዙ አከራክሮኛል። እንዳለ ልተወው ወስኛለሁ። እሷ "ቅጠሉ ይሸታል" ካለች "መዓዛው ያውዳል" ብዬ አልለውጥባትም።

እማዬም አላበቃችም። አብራት እንጦጦ ትወጣ የነበረች ባልንጀራዋ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ትኖራለች፤ ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ነው። ጥያቄዎቼን ጽፌያለሁ። አንደኛው የደን ዘበኛው ሲመጣ ቀድማ የምታፏጨው ማን እንደነበረች ነው። እማዬ "እኔ ነኝ" ትላለች፤ ባልንጀራዋ በስልክ "ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ" ብላለች። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ እቀዳቸዋለሁ።