በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውል
በአንድ የግል ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርቻለሁ። ውላችን በየሦስት ወሩ ይታደስ ስለነበር፣ ማኅተሙ እስኪያርፍበት ድረስ ባሉት ቀናት ሁላችንም፣ ታሞ ያደረው እንኳ ሳይቀር፣ ከሰዓታችን ቀድመን እንገባ ነበር።

በመጨረሻ በምሠራበት መደብ ላይ የቋሚ ቅጥር ማስታወቂያ ወጣ፤ እኔም ማስረጃዬን አያይዤ አመለከትሁ። የተቀጠረው ግን ከውጭ የመጣ ወጣት ሲሆን፣ የገቢና የወጪ ሰነዱን አሞላልና ከቢን ካርዱ (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚመዘገብበት ካርድ) ጋር ማመሳከርን ያሳየሁት እኔው ነበርኩ (በእሱ አልፈርድም፤ እንጀራ ፈልጎ ነው የመጣው)። ሥራውን ሲለምድ የእኔ ውል ሳይታደስ ቀረ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ ከመተካት ወይም ከወቅታዊ ሥራ በቀር፣ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥራል። የእኛ ግምጃ ቤት ክረምት ከበጋ ክፍት ነው፤ ስለዚህ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል በውሉ ላይ መስፈሩ ብቻውን ጉዳዩን አይቋጨውም። ይሁንና ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እኔ አንቀጹን ያነበብኩት በአምስተኛው ወር ነው።