ሎሚሎሚ ውስጥ ሎሚ የለም

ጋሼ ሎሚ ይዘው መጡ። አንድ ፌስታል ሙሉ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሼ የአባቴ ወንድም ናቸው፤ ከላስ ቬጋስ ደውለው «ወገቤ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኛል» ሲሉኝ፣ ሥራዬ ሃዋይ፣ ኮና ላይ ማሳጅ ነውና «ኮና ይምጡ፣ ሎሚሎሚ አደርግልዎታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አላብራራሁም። ስንት ዓመት ታክሲ ሲነዱ የደነደነ ወገባቸውን ይዘው ውቅያኖስ ተሻገሩ። ከኮና አየር ማረፊያ ወደ ደቡብ ስንወርድ መንገድ ዳር ባለቤቱ የሌለበት የፍራፍሬ ጠረጴዛ አዩና መኪናውን አስቆሙኝ። ብሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተው ፌስታሉን ታቀፉት። መድኃኒቱን ራሳቸው ገዝተው መምጣታቸው ነው እንግዲህ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምንድነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ሎሚ ሎሚ ያልከኝ?»

በሃዋይኛ ሎሚ ማለት ማሸት፣ መጫን፣ እንደ ሊጥ ማቡካት ነው። ሲደገም ይበረታል፤ እኛ «ቶሎ ቶሎ» እንደምንለው። ይህን ሳስረዳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ተስማሙ፣ አመሰገኑ። ከዚያ «ታዲያ መቼ ነው የሚጨመቀው?» አሉኝ።

አይጨመቅም። የሎሚ ውሃ ከዘይት ጋር አለመዋሃዱ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት መቃጠሉ ነው። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ የሚተወው ጥቁር ምልክት ለሳምንታት አይለቅም። ከማሳጅ ወጥቶ በቀጥታ ባሕር ዳር የሚሰጣ ሰው ባለበት ደሴት ላይ ይህን ማወቅ ግዴታ ነው።

እኔ የምጠቀመው የኮኮናትና የኩኩይ (የዛፍ ፍሬ ነው) ዘይት ቀላቅዬ ነው። ኮኮናት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል፤ ኮና ላይ ጠርሙስ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ አዲስ አበባ ብትወስዱት በማንኪያ ነው የሚጫረው። ኩኩይ ቀጭን ነው፣ ቆዳ ቶሎ ይመጠዋል። ብቻውን ከሆነ በየደቂቃው ሲጨምሩ መዋል ነው። ለመላ ሰውነት 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። የኩኩዩን ፍሬ ለጌጥ ሳህን ላይ አስቀምጬው ኖሮ ጋሼ አንዱን አንስተው በጥርሳቸው ሊሰብሩ ሲሉ ደረስኩ። ጥሬውን የበላው ሰው ኮሶ እንደጠጣ ነው የሚሆነው። በኋላ እንደታየው የጋሼ ሆድ ተጨማሪ እርዳታ አያስፈልገውም ነበር።

ከመታሸት በፊት ጥያቄ አለ። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? እግርዎ ይደነዝዛል? አንዱ ባትዎ ብቻ አብጦ ይሞቃል? (መልሱ አዎ ከሆነ እጅ ሳይነካ ሐኪም ጋ ነው፤ የረጋ ደም አሽቶ መንቀል ቀልድ አይደለም።) ትኩሳትስ? የቆዳ ቁስል? የለውዝ ዓይነት ነገር ይቆጣዎታል? የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከምን ሰዓት ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጋሼ ባሕሩን ማየት ጀመሩ።

የድሮ ሃዋይያውያን ጥያቄ ከዚህ ይጠልቃል። ሕመም ከቂም ጋር ይተሳሰራል ብለው ስለሚያምኑ፣ ሰውነት ከመነካቱ በፊት ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የተጣላው ይታረቃል። ሆኦፖኖፖኖ ይባላል። አሁን አሁን በየኢንተርኔቱ አራት የይቅርታ ሐረግ ብቻ ተደርጎ ይሸጣል። የጥንቱ ግን ከኛ ሽምግልና ቢቀርብ እንጂ አይርቅም። እኔም ለወጉ ያህል «ጋሼ፣ ያኮረፉት ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አባትህ!»

አንድ ሰዓት ተኩል ከያዝነው ቀጠሮ አርባ ደቂቃው በአያቴ ቦታ ክርክር አለቀ። የአጥሩን ልክ በእጃቸው እያሳዩ፣ የምስክሮቹን ስም እየጠሩ። እኔ የተከሳሽ ልጅ ሆኜ በእጄ የሞቀ ዘይት ይዤ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ፑሌ አለ፣ ጸሎት። የኮና አካባቢ ሎሚሎሚ ያለ ጸሎት አይጀመርም። ከኬአላኬኩዋ የባሕር ወሽመጥ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ኬኤይ በምትባል መንደር፣ አንቲ ማርጋሬት ማቻዶ (1916–2009) ባሕር ዳር ካለው ቤታቸው ተማሪ እየተቀበሉ ያስተምሩ ነበር፤ ከአያታቸው የተማሩትን ማሸት ሃዋይያዊ ላልሆነም ሰው በመክፈታቸው ነው ዛሬ እኔን መሰሉ እንጀራ የሚበላበት። ሥራውን ጸሎት ነው ይሉት ነበር። ጸሎቱ ታዲያ አጭር ነው፤ እጅን ሰውየው ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሽን ከትንፋሹ ጋር አስማምቶ፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። ይህን ለጋሼ መንገር አልነበረብኝም። «ጸሎትማ ካለ» ብለው ከአልጋው ተነሥተው፣ አንሶላውን እንደ ነጠላ አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ከአቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ሲጨርሱ ዘይቱ ቀዝቅዟል።

አሁን ወደ ሥራው። ሎሚሎሚ በጣት ብቻ አይሠራም። ዋናው መሣሪያ ክንድ ነው፤ ከክርን በታች ያለው ለስላሳው ገጽ። እግር ፊትና ኋላ ተደርጎ ይከፈታል፣ ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ ክብደቱ ከዳሌ ይመጣል። ከትከሻ ተነሥቶ በአከርካሪው ጎን (አከርካሪው ላይ በፍጹም አይደለም) እስከ ዳሌ ይወርዳል፣ ዳሌውን ይዞራል፣ በጎን በኩል ወደ ብብት ይመለሳል። አንዱ ጉዞ ከአንድ ረጅም ትንፋሽ አይፈጥንም። የመጀመሪያው ቀላል፣ ሁለተኛው ጠለቅ ያለ፣ አራተኛና አምስተኛው ላይ ጡንቻው ራሱ በሩን ይከፍታል። የኩላሊት ቦታና ቋንጃ ላይ ጫናው ይነሣል። አንድ እጅ ሁልጊዜ ሰውነቱ ላይ ይቀራል። ለዚህ ሁሉ አልጋው ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍታው ከታፋዬ መሃል ካለፈ በክብደቴ ሳይሆን በትከሻዬ ነው የምገፋው፣ ማታ የምታሸው እኔ ነኝ ማለት ነው።

አልጋውን ዝቅ አድርጌያለሁ። የረሳሁት ዘይቱን ነው። በንዴትም በችኮላም የቀዘቀዘውን ልተካ ብዬ ጠርሙሱን ስደፋው ጀርባቸው ላይ ኩሬ ሠራ። ዘይት ሲበዛ ክንድ ጡንቻውን አይዘውም፣ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ጉዞዬ ከትከሻ ተነሥቶ ዳሌ ላይ መዞሩ ቀርቶ አልጋውን አልፎ ሄደ፤ እኔም አብሬ። ደረቴ ጋሼ ላይ አረፈ።

«በስመ አብ! ወጌሻ እንኳ ሲያሽ ከላይ አይወጣም!»

«ድሮ ጀርባ ላይ ይቆሙ ነበር ጋሼ» አልኳቸው፣ ሆን ብዬ ያደረግሁት ለማስመሰል። ውሸት አይደለም። የድሮው ሎሚሎሚ ምንጣፍ ላይ፣ በቤተሰብ መሃል ነበር፤ ልጆች የአያቶቻቸውን ጀርባ ይረግጡ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለሰሱ። «አባትህና እኔም አባታችንን እየተፈራረቅን እንረግጣቸው ነበር» አሉ። ትርፉን ዘይት በፎጣ እየጠረግሁ ሳለ ትከሻቸው አንድ ጣት ያህል ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። አርባ ደቂቃ ክስ ያላወረደውን ትከሻ።

ይህን ጊዜ የእንግሊዛዊውን መርከበኛ የካፒቴን ኩክን ታሪክ ጀመርኩ፤ ሰው ወሬ ሲሰማ ወገቡን ይረሳል። እ.ኤ.አ. 1777 ታሂቲ ላይ ኩክ ከዳሌው እስከ እግሩ ሕመም ይዞት ነበር። የንጉሡ እናትና እህቶች ሌሎች ሴቶች አስከትለው፣ 12 ሆነው መርከቡ ድረስ መጡና መሬት ላይ አስተኝተው ከራሱ እስከ እግሩ ተረባረቡበት። አጥንቱ እስኪንቋቋ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደታሸ ማምለጡ ደስ እንዳለው ራሱ ጽፏል፤ ግን ወዲያው ስለተሻለው ደግሞ ታሸ፣ ደጋግመውት ሕመሙ ለቀቀው። በዚያ አገር ቃሉ «ሮሚ» ነው።

«ምስኪን፣ ሎሚ ማለት አቅቶት ነው» አሉ ጋሼ ከአልጋው ቀዳዳ ሥር። ቀጥለውም «ኋላስ ምን ሆነ?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ፣ ቅድም ባለፍነው ኬአላኬኩዋ ተገደለ።»

«ሲታሽ?»

ጀርባው አለቀ፣ እግሩ አለቀ፣ ተገላበጡ። የቀረው ኦፑ ሁሊ ነው፣ የሆድ ማሸት። ሃዋይያውያን ብዙ ሕመም ከሆድ ይነሣል ይላሉና የወገብ ታማሚ ሆዱ ሳይነካ አይለቀቅም። ጉልበት ታጥፎ ከሥሩ ትራስ ይገባል። መዳፍ በእምብርት ዙሪያ፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ የትልቁን አንጀት መንገድ ተከትሎ ይዞራል፤ ከቀኝ ወደ ላይ፣ በመሃል አቋርጦ፣ በግራ ወደ ታች። ከዚህ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ሆድ ውስጥ ምግብ መግባት የለበትም። ጋሼ ለካ እኔ አልጋ ስዘረጋ ከቬጋስ በሻንጣ የመጣውን እንጀራ በምስር ወጥ ጥግ ይዘው ጨርሰውታል። ሦስተኛው ዙር ላይ ሆዱ አጉረመረመ። አራተኛው ላይ መዳፌ በግራ በኩል ወደ ታች ሲወርድ፣ ያለው ሁሉ መንገዱን አገኘ።

ዝም አልን። መስኮት ከፈትኩ።

«ይሄም ከሕክምናው ነው?» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

ነው። በደንብ የተሠራ ኦፑ ሁሊ ምልክቱ እሱው ነው።

ከታሹ በኋላ ደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ በተለይ የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው። ስለዚህ በጎን ተነሥቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ የውስጥ እግር ዘይት በደረቅ ፎጣ መጠረግ አለበት። ሁለቱንም ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጋሼ በኀፍረት ይሁን በደስታ ብድግ ብለው ሸክላው ወለል ላይ አረፉ። ዘይት የጠጣ እግር ሸክላ ላይ አይቆምም። አንሶላቸውን በአንድ እጅ ጨብጠው በበረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው ተንሸራተቱ፣ በሌላው እጃቸው የሚይዙት ሲፈልጉ ፌስታሉን አገኙ፣ ፌስታሉ ተቀደደ። ሎሚው ክፍሉን ሞላው፤ አልጋ ሥር፣ በረንዳ፣ ደረጃ። እሳቸው ወንበር ላይ ዱብ ብለው ተርፈዋል፣ እኔ ግን አንዱን ረግጬ ወደቅሁ።

ወገባቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ሳቁን አቁመው ወገባቸውን ደግመው ያዙት። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። «የለም!» አሉ። ሕመሙን ማለታቸው ነው። ለስንት ቀን እንደሚለቃቸው አልማልም፤ ታክሲው ወንበር ያው ነው። ለጊዜው ግን እሳቸው ቆመው እያዘዙ፣ እኔ ወገቤን ይዤ ሎሚ ስለቅም ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው» አሉኝ፣ ሳይጎነበሱ።

ፎጣዎቹን በፈላ ውሃና በብዙ ሳሙና ሁለቴ አጠብኳቸው፣ ከዚያ ገመድ ላይ አሰጣኋቸው። የኩኩይ ዘይት ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ በማድረቂያ ማሽን ሞቆ የተከመረ ዘይታም ፎጣ ማንም ሳይነካው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የዛን ቀን እሱ ብቻ ነበር የቀረን።

ማታ እራት ወጣን። አስተናጋጇ የቀኑን ምግብ ስትዘረዝር «ሎሚሎሚ ሳልሞን» ስትል ጋሼ ቀና አሉ።

«ዓሣውንም ያሹታል?»

«ያሹታል ጋሼ።» እውነት ነው። በጨው የተቀመጠ ሳልሞን ጨው ወጥቶለት፣ በእጅ እየታሸ ይበጣጠሳል፣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ተቀላቅሎ በቀዝቃዛው ይቀርባል። ሳልሞን የሃዋይ ዓሣ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴ መርከቦች በበርሜል ጨው አድርገው ከሰሜን አሜሪካ ያመጡት ነው።

ሳህኑ መጣ። ጋሼ አንድ ጉርሻ ቀመሱ፣ አሰቡ፣ ከዚያ ዙሪያውን ቃኝተው ከኮታቸው ኪስ አንድ ሎሚ አወጡ። በቢላ ለሁለት ከፍለው ከዳር እስከ ዳር ጨመቁበት።

«አሁን ሎሚሎሚ ሆነ» አሉ።