የሚያዥ ሸክላና የሜዳ አበባ

የመጀመሪያውን የአበባ ማስቀመጫዬን የሠራሁት ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦልኩ፣ ዙሩን በዙር ላይ እየደረብኩ፣ መጋጠሚያውን በጣቴ እያሸሁ ነው። አንገቱ ትንሽ ያዘነብላል። ከታች በኩል የአውራ ጣቴ አሻራ ቀርቶበታል፤ እሳት ገብቶም አልጠፋም። በጣም ወደድኩት። ያን ዕለት ቀትር ላይ ሜዳ ወርጄ አንድ እቅፍ አበባ ለቀምኩና እስኪጨናነቅ ሞላሁበት።

በማግስቱ ጠዋት አበቦቹ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ውሃው ወደ ግማሽ ጎድሏል፤ ማስቀመጫውን ሳነሳው ጠረጴዛው ላይ ክብ ነጭ እድፍ ወጥቷል። ሸክላ ለአበባ አይሆንም ብዬ ተውኩት። ለወራት እንደዚያ አምኜ ኖርኩ።

የውሃው ምክንያት ቀላል ነበር። 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የተተኮሰና ቅብ የሌለው ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ያዣል። ውሃ እንዳያሳልፍ ከተፈለገ ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን ጭቃ መርጦ ከ1,200 ዲግሪ በላይ መተኮስ ነው፤ ያኔ ገላው በከፊል ቀልጦ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እኔ ግን የጥሬ ሸክላውን መልክ አልተውም ብዬ ውስጡ ብርጭቆ ላስገባ አሰብኩ። ብርጭቆውን ለክቼ፣ በልኩ ሁለተኛ ማስቀመጫ ሠራሁ። ተተኩሶ ሲወጣ ብርጭቆው አልገባም! ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከመጠኑ 10 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኮማተራል፤ ያንን አላሰብኩም። ሦስተኛውን አስፍቼ ሠራሁት፤ እስካሁን የምጠቀመው እሱን ነው።

አበቦቹ የጠወለጉት ግን በሸክላው አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ሆና ቆርጬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በእጄ ይዤ ስዞር ነው ያለቁት። የሜዳ አበባ ግንዱ ቀጭን ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ውሃ ሳያገኝ የሚቆይበትን እያንዳንዷን ደቂቃ ይከፍልባታል። አሁን ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ እወጣለሁ። ባልዲ ከነውሃው ይዤ ነው የምሄደው። በእጅ አልነቅልም፤ በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ወዲያው ባልዲው ውስጥ። ቤት ስደርስም ቶሎ ማስቀመጫው ውስጥ አልከታቸውም፤ ቀዝቃዛና ጥላ ያለበት ቦታ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቆመው ጥቂት ሰዓታት ይጠጣሉ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ እመለምላለሁ፤ ካልተመለመለ ይበሰብስና ባክቴሪያው የግንዱን ቧንቧ ይደፍነዋል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ።

ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያወጡ አሉ። የአንዳንዶቹ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከነካማ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ጓንት አደርጋለሁ። የግንዳቸውን ጫፍ ለ20 ሰከንድ ያህል የፈላ ውሃ ውስጥ ሳቆየው ወተቱ ይቆማል። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር የፍራፍሬ ሳህን ነው። የሚበስል ሙዝና ፖም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ አጠገባቸው ያለ አበባ ቶሎ ያረጃል።

አደራደሩ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ እየቀነስኩ ሄድኩ ብቻ። ዛሬ አምስት ወይም ሰባት ግንድ ይበቃኛል። ረጅሙን የማስቀመጫውን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል አደርገዋለሁ። ነፋስ ያጎበጠውን ግንድ አላቃናውም፣ የጎበጠበትን ወገን ሸክላው ወደሚያዘነብልበት አዞረዋለሁ። አፉ ሰፊ ከሆነ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በመስቀል ቅርፅ ውስጡ እወጥራለሁ፤ ግንዶቹ በእነሱ ተደግፈው ይቆማሉ። ከመካከላቸው አንድ ሁለት ያፈራ ሣር እጨምራለሁ፤ በመስኮት ትንሽ አየር ሲገባ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ብቻዋን የበቀለችን አበባ አልነካም። ከበዛበትም ቢሆን ለንብና ለዘር የሚሆነውን ትቼ ነው የምቆርጠው።

ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ሲደርቅ ደግሞ ዘር የቋጠሩ ግንዶችና የደረቀ ሣር አመጣለሁ። እነዚህ ውሃ አይፈልጉም። ለእነሱ ያንን አንገቱ ያዘነበለውን፣ የሚያዠውን የመጀመሪያ ሸክላዬን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፤ አሻራው ያለበትን ጎን ወደ በሩ አዞረዋለሁ።