መጀመሪያ ሰውነት ያውራ

ትወና ስልጠና ላይ "የራስህን ታሪክ ንገረን" ሲባል ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደሚያስለቅሰው ነገር ነው፣ የሞተበት ሰው፣ የተለየችው ፍቅረኛ፣ ምናምን። እንባው ይመጣል፣ ሁሉም ጭጭ ይላል፣ ከዛ ይጨበጨባል። ግን ያየነው እኮ አንድ ሰው ሲያዝን ነው፣ ትወና አላየንም። ነገ መድረክ ላይ እንባው እምቢ ቢልስ?

ስለዚህ እኔ ሰውነት ይቅደም ባይ ነኝ። የምወደው ልምምድ እንዲህ ነው፦ ቁጭ ብለህ ለጓደኛህ አንድ ትንሽ ታሪክ ታወራለታለህ፣ ለምሳሌ ልጅ ሆነህ የሆነ ቦታ የተደበቅክበትን ቀን። ጓደኛህ ታሪኩን ትቶ አንተን ነው የሚያየው፣ እጅህ የት ሄደ፣ ትከሻህ መቼ ተነሳ፣ ትንፋሽህን የቱ ጋ ያዝክ። ቀጥሎ ያንኑ ታሪክ ያለ ቃል ትሰራዋለህ፣ በምልክት ማስረዳት (ፓንቶማይም) ግን አይደለም! በር ከፈትኩ፣ ደረጃ ወረድኩ እያልክ በእጅህ አታስረዳ፣ የሚፈለገው ክብደቱና ፍጥነቱ ነው፣ የት ጋ እንደፈጠንክ፣ የት ጋ እንደደረቅክ። በሶስተኛው ዙር ንግግሩ ይመለስና ከእንቅስቃሴው አንዷ ብቻ ትቀራለች፣ እሷም እያነሰች እያነሰች ሄዳ ምናልባት አንድ ጣት ላይ። ያኔ ድምፁ ራሱ ይቀየራል፣ "በጣም ፈርቼ ነበር" ማለት አያስፈልግህም፣ ማንም ሳይነግርህ ያቺን አረፍተ ነገር ትተዋታለህ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጓደኛህ ታሪክህን ወስዶ "እኔ" እያለ ሲጫወተው ነው። የራስህ ታሪክ በሌላ ሰው ገላ ላይ ሲታይ ምኑ ታሪኩ፣ ምኑ ያንተ አመል እንደሆነ ቁልጭ ይላል።

የግል ትዝታ ይቅደም ወይስ ሰውነት የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅና የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ ራሱ መጀመሪያ ላይ በተዋናዩ የግል ትዝታ ብዙ ይሰራ ነበር፣ በ1930ዎቹ ግን ወደ አካላዊ ድርጊት አዘነበለ። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር በ1934 ፓሪስ ላይ አግኝታው ስትመለስ ዋናው ነገር ምናብና ገፀ ባህሪው ያለበት ሁኔታ ነው ብላ ትዝታ ላይ ሙጭጭ ካለው ከአሜሪካዊው የትወና አሰልጣኝ ከሊ ስትራስበርግ ጋር ተጋጨች። በ1956 ደግሞ ፈረንሳዊው የትወና መምህር ዣክ ሌኮክ እዛው ፓሪስ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ምንም ስሜት የማይነበብበት ጭምብል ተማሪው ፊት ላይ ያደርግ ነበር፣ ፊት ሲሸፈን መደበቂያ የለም። እኔ ለአድለር አደላለሁ፣ ግን የግል ታሪክን ጨርሶ መጣል አልፈልግም፣ ጥሬ ዕቃው ከሱ ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ያልዳነ ቁስል ይዛችሁ አትግቡ። አሰልጣኝ ሳይኮሎጂስት አይደለም፣ ተማሪን ካላስለቀሰ ያስተማረ የማይመስለው አሰልጣኝም አለ ደሞ። "ይለፈኝ" ማለት መብት ነው፣ ምክንያትም አይጠየቅም። ስትጨርሱ እጅ እግራችሁን አራግፉ፣ ክፍሉን ዞር ዞር በሉ፣ ስለ ሌላ ነገር አውሩ፣ ከዛ ነው ወደ ስክሪፕቱ።