ሙቀጫ ቫርኒሽ አይቀባም

ጅማ መንደራ ውስጥ በአንዲት ቶርኖ ላይ እንጨት እያዞርኩ ነው የምኖረው። ሙቀጫና ዘነዘና፣ የቅመም ዕቃ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ ዘንግ እሠራለሁ። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። ቀጥሎ "ያብለጨልጫል አይደል?" ይላል። ስለ እንጨቱ የሚጠይቅ አላየሁም ማለት ይቻላል።

እኔ መልሼ "ምን ሊሆንልህ ነው?" እላለሁ። ቡና ሊወቀጥበት ነው? በርበሬ ሊቀመጥበት? ወይስ ቡፌ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ሊያየው? የምቀባው ነገር በዚህ መልስ ይወሰናል። እንጨቱ ራሱ ሁለተኛ ነው። ማብለጭለጩ ሦስተኛ፣ ካስፈለገም መጨረሻ።

በቅርቡ አንድ ሐጂ ሙቀጫ ሊያዙ መጡ። ሱቁ ውስጥ ካለው ከአንዱ ቡፌ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ "ልጄ፣ እኔም እንደዚህ እንዲብረቀረቅ ነው የምፈልገው" አሉኝ።

"ሐጂ፣ ውስጡን ከቀባሁት ቫርኒሹን ከቡናው ጋር ነው የሚጠጡት።"

ትንሽ አሰቡ። "ውጪውንስ?"

"ውጪው ይሁን፣ እሱንም በዘይት።"

"ዘይት? የወጥ ዘይት?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቁም ነገሩ እዚያው ነው ያለው።

ሙቀጫ ውስጡ ምንም አይቀባም። የዘነዘናው ጭንቅላትም እንደዚያው። ቫርኒሽም ላከርም እንጨት ላይ የሚያስቀምጡት ስስ ቆዳ ነው። ዘነዘና በየቀኑ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። የተላጠውም የሚሄደው ቡናው ውስጥ ነው። ስለዚህ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለሰልሳለሁ፤ ከዚያ ባለቤቱ ጥሬ እህል ወቅጦ እንዲደፋ እነግረዋለሁ። የቀረው ብናኝ በዚያ ይወጣል። በቃ።

ወደ እንጨቱ ልምጣ። ጅማ ላይ ቶርኖ የያዘ ሰው ስለ ዋንዛ ሳያወራ አያልፍም። በአገሬው እጅ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም የሚታወቀው በዋንዛ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ መሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ብዙ አያስቸግርም። ከመንግሥት ደን መቁረጡ በሕግ የተከለከለ ነው። እኔ የምሠራው ከቡና ማሳ ጥላነት ወድቆ ባለቤቱ በሕጋዊ መንገድ ከሸጠው፣ ወይም ከፈረሰ አሮጌ ዕቃ ነው። አሮጌው ደግሞ ይበልጣል። ደርቆ ያለቀ እንጨት ነውና።

ዋንዛ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ዘይት ይጠጣል። ግንዱ በተቆረጠበት በኩል ያለው ገጽ ከጎኑ የበለጠ ይመጥጣል። ለዚህ ነው ጎድጓዳ ሳህን ዘይት ሲቀባ በሁለት ወገን ጠቆር፣ በሁለት ወገን ፈካ ብሎ የሚታየው። አንዳንዱ ደንበኛ "ይሄ ቆሽሿል" ይላል። አልቆሸሸም፣ እንጨት ስለሆነ ነው። ልዩነቱን ለማለዘብ ያን ገጽ ከሌላው አንድ ደረጃ በላቀ ብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚቀር መምጠጡ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን አልታገስም። ዋንዛ ላይ ቸኮሌት ቀለም ማስቀባት። የሚያምር ቡናማ እንጨት አምጥተው "ጠቆር አድርግልኝ፣ ማሆጋኒ ይምሰል" ይላሉ። ግፍ ነው። ገንዘቡ የእነሱ ነውና እሠራለሁ፤ ፊቴ ግን አይደብቅም።

ወይራ ሌላ ዓለም ነው። ከባድ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መሮ ያደንዛል። ግን በብርጭቆ ወረቀት እስከ 320 ቁጥር ከተለሰለሰ በኋላ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል)፣ ቶርኖው እየዞረ የራሱን ፍቅፋቂ በጭብጥ ይዤ ስጫነው ያለ ምንም ቅባት ያበራል። እዚያ ላይ ላከር መንፋት ምን ይሉታል? የቡና እንጨት ደግሞ ቀጭን ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ገበሬው ለማገዶ የሚያከማቸውን እገዛለሁ። ጠንካራ፣ ነጣ ያለ፣ ለማንኪያ እጀታና ለትናንሽ ክዳኖች የሚሆን ነው። መሃሉን ይዞ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ሰንጥቄ ነው የማደርቀው። ጥድን ለሳጥንና ለክዳን ዕቃ ብቻ ነው የምጠቀምበት። የሳጥኑን ውስጥ አልቀባም። ተዘግቶ የሚኖር ዕቃ ውስጥ ዘይት ከተቀባ ሽታው ይሻግታል፣ የጥዱም መዓዛ ይጠፋል።

ስለ ብርጭቆ ወረቀት ብዙ ሰው መስማት አይወድም፤ አሰልቺ ነውና። ግን ከሚቀባው ነገር ይልቅ ውበቱን የሚወስነው ይሄ ነው። ከ120 ጀምሬ 180፣ 240፣ 320 እሄዳለሁ። ቁጥር አልዘልም። በየደረጃው ቶርኖውን አቁሜ በእንጨቱ መስመር በእጄ እፈትጋለሁ፤ አለበለዚያ ክብ ክብ ጭረት ይቀራል፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ከመጨረሻው በፊት ውሃ በነካ ጨርቅ ገጹን አብሼ አደርቀዋለሁ። የተኛው የእንጨቱ ቃጫ ይነሳል። ከዚያ በመጨረሻው ወረቀት በስሱ ማለፍ ነው። ይህ የተዘለለበት ሳህን መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ይሻክራል።

አሁን ወደ ዘይቱ። ሐጂ የሳቁበት ነገር እውነት አለው፤ ሁሉም የወጥ ዘይት እንጨት ላይ አይሆንም። ዘይት እንጨት ላይ "ይደርቃል" ስንል ውሃ እንደሚተን አይተንም። ከአየር ኦክስጅን ይወስድና ራሱ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። ይህን የሚያደርጉት አንዳንድ ዘይቶች ብቻ ናቸው። የተልባ ዘይት ቀዳሚው ነው። ኑግ ይከተለዋል፤ ቀስ ይላል፣ ግን ይደርቃል፣ እንደ ተልባም ብዙ ቢጫ አይሆንም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን መቼም አይደርቅም። እንጨቱ ላይ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል፣ ከዚያ ይሻግታል። ቅቤም እንደዚያው። እናቶቻችን ገበቴ በቅቤ ያሹ ነበር፤ እነሱ ግን ዕቃውን በየጊዜው ያጥቡታል፣ በወይራ ያጥኑታል፣ እንደገና ያሹታል። ያ ሥርዓት ከሌለ ቅቤው ብቻውን ሽታ ነው የሚሆነው።

የገዛችሁት ዘይት ይደርቅ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ብርጭቆ ላይ በጣት በስሱ ቀቡና አቧራ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ንኩት። ጠንከር ካለ ሥራ ላይ ይውላል። አሁንም እጅ ላይ ከቀረ ለወጥ ይሁን።

ከቀለም መደብር የሚገዛው "የተቀቀለ" የተልባ ዘይት ቶሎ ይደርቃል። ቶሎ የሚያደርቁት ግን የተጨመሩበት የብረት ውህዶች ናቸው። ለአልጋ እግር እጠቀምበታለሁ። ምግብ ለሚነካ ዕቃ ንጹሑን ነው የምመርጠው፣ ቢዘገይም።

አቀባቡ ላይ ሚስጥር የለም። ለቀቅ አድርጎ መቀባት፣ ሩብ ሰዓት ያህል መተው፣ እንጨቱ ያልጠጣውን ሙልጭ አድርጎ መጥረግ። የሚያበላሸው ያልተጠረገው ነው። ወፍራም ዘይት ከላዩ ቆዳ ይሠራል፣ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እንዲደርቅ ትቶ በስሱ መድገም ይሻላል። ለዋንዛ ሦስት አራት ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለወይራ አንዱ ይበቃል።

ከላይ ሰም አደርጋለሁ። ሰሙን የማገኘው ከጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ሲጣል ከማሩ የሚተርፈውን ሰፈፍ በውሃ አፍልቼ በጨርቅ አጠለዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥሩ ይጣበቃል፤ እሱን በቢላ ፍቆ መጣል ነው። ከዚያ አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ዘይት በጣሳ አድርጌ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አቀልጠዋለሁ። በቀጥታ እሳት ላይ አልጥደውም። ሲረጋ እንደ ልብ የሚቀባ ለስላሳ ነገር ይሆናል። ሥራ ቤቱ ማር ማር ይሸታል፣ ንቦችም ይመጣሉ። ይሄን የምለው ለማማረር አይደለም፣ ደስ ይለኛል።

ሰም ግን ሙቀት አይችልም። ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከእሳት የወረደ ጀበና ለሰም ብዙ ነው። ስለዚህ የእንጨት የጀበና ማስቀመጫ ዘይት ብቻ ነው የምቀባው። ሰም የነካው ጀበናው ሥር ይጣበቃል።

ሸላክም አለ። ከአንዲት ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ሙጫ ነው፣ በአልኮል ይሟሟል፣ ቶርኖ ላይ እየዞረ ሲቀባ በደቂቃዎች ውስጥ ያንጸባርቃል። ቸኩሎ የመጣ ደንበኛ ይወደዋል። ለጌጥ ዕቃ እኔም እወደዋለሁ። ግን በአልኮል የሚሟሟ ነገር አረቄ ሲፈስበትም ይሟሟል። መለኪያ የሚቀመጥበት ትሪ ሸላክ ተቀብቶ አይዘልቅም።

ላከሩ ላይ ነው ብዙ ክርክር ያለኝ። ጅማ ዝናብ ታውቃለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል፣ ሰኔ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ላከር ውስጥ ያለው ቲነር በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። በቀዘቀዘው ገጽ ላይ የአየሩ እርጥበት ጠል ሆኖ ያርፋል። ሥራው እንደ ተነፈሰበት መስታወት ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጨመር ይረዳል፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ደግሞ የበለጠ ይረዳል። እኔ ክረምት ላይ የላከር ትእዛዝ ስቀበል "የሚወጣበትን ቀን አልቆርጥም" እላለሁ። የሚቀየም አለ። ጥሎኝ ሄዶ ሌላ ቦታ ያስነፋም አለ።

ለአልጋ እግርና ለደረጃ ዘንግ ግን ላከርና ቫርኒሽ ቦታቸው ነው። ማንም አይበላበትም፣ በእጅና በመጥረጊያ ይነካካል፣ ጠንካራ ቆዳ ያስፈልገዋል። ችግሩ ሲላጥ ነው። የተላጠ ላከር ለማደስ ሁሉንም ፍቆ መጀመር ይጠይቃል። ዘይት የተቀባ ሳህን ሲደርቅ ባለቤቱ ራሷ ቤቷ ተቀምጣ በጨርቅ ታሸዋለች። ለምግብ ዕቃ ዘይት የማደላው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሁለት የጥንቃቄ ነገሮች። ቶርኖው እየዞረ ስትቀቡ ጨርቅ ጣት ላይ አትጠምጥሙ። ከያዘው ጣቱንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ሶፍት እጠቀማለሁ፤ ሶፍት ቢያዝ ይቀደዳል። ነጠላና ረጅም እጅጌም ከቶርኖ ይራቅ። ሌላው ጨርቁ ራሱ ነው። የተልባ ዘይት የነካ እራፊ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት በራሱ ይቀጣጠላል። ያውም ሰጋቱራ በሞላበት ቤት! እኔ ዘርግቼ ሽቦ ላይ ውጪ አሰጣለሁ፤ ደርቆ ሲጠነክር ነው የምጥለው። ረዳቴ መጀመሪያ አላመነኝም ነበር፤ አሁን ከእኔ በላይ ይቆጣጠራል።

ዕቃ ስሰጥ ለወሳጁ የምነግረው አጭር ነው። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይሰነጠቃል። በረኪና አይንካው። ሲነጣና ሲደርቅ ደግሞ ኑግ አምጡ፣ ቀቡት፣ ጥረጉት። ሐጂ ሙቀጫቸውን የወሰዱት ይሄን ሰምተው ነው። "እሺ፣ ግን ቅናሽ አድርግ፤ ቫርኒሽ አላወጣህበትም" አሉኝ። ዘይቱ ከቫርኒሹ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ ላስረዳ ብሞክርም አልሰሙኝም። ትንሽ ቀነስኩላቸው።